የእናቴን ማሳ ቦረቦር እየበላው ነው፣ ማንን ነው የምንጠይቀው?

የደጋው_ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ እርከንና ስለ ቦረቦር የምታውቁ ካላችሁ ምክር ፈልጌ ነው። እናቴ ምስራቅ ጎጃም ደጋው ላይ ነው የምትኖረው፣ በስሟ የይዞታ ደብተር የወጣለት 3 ቃዳ (አንድ ቃዳ ሩብ ሄክታር ያህል ነው) የሚሆን መሬት አላት፣ ትልቁ ቁራጭ ተዳፋት ላይ ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ ለሌላ አራሽ ምርቱን ለመካፈል እኩል ነው የምትሰጠው። እኔ አዲስ አበባ ስራ ላይ ስለሆንኩ የምሄደው ለፋሲካና ለመስቀል ብቻ ነው።

ዘንድሮ መስቀል ስሄድ ያየሁት ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ከማሳው ግርጌ ልጅ ሆነን ዘለን የምናልፋት ትንሽ ቦይ ነበረች፣ አሁን ሰው ቢቆምባት አናቱ አይታይም። በዚህ ክረምት ብቻ ወደ ላይ 8 እርምጃ ያህል እየናደ መጥቷል፣ ወሰኑ ላይ ያለው ብሳና ስሩ ተንጠልጥሏል። እናቴ ማታ ማታ ሲናድ ድምፁ ይሰማኛል ነው የምትለው።

አምና የካቲት ላይ በዘመቻው ህዝቡ ወጥቶ እርከን ሰርቶልን ነበር፣ እኛም ደስ ብሎን ነበር፣ ሐምሌ ላይ ግን የላይኛው አንድ ቦታ ተሰበረና የታችኞቹን ይዟቸው ወረደ። የተረፈውን ደግሞ እኩል አራሹ ባረሰ ቁጥር በማረሻ እየሸረፈ ቁመቱን አሳጠረው። ከኛ በላይ ደግሞ ከሁለት አመት በፊት የጠጠር መንገድ ተሰርቶ የመንገዱ ቱቦ ውሃውን የጎረቤታችን ማሳ ላይ ይለቀዋል፣ ከዛ ወደኛ ይመጣል።

እና ጥያቄዬ ማንን ነው የምንጠይቀው ቀበሌ ነው ወረዳ? ለአንድ ሰው ማሳ ብሎ የሚረዳ አለ ወይ? እኔ ትንሽ ብር አጠራቅሜያለሁ፣ ጋቢዮን (ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሳጥን) ገዝቼ ቦረቦሩ አፍ ላይ ባስቀምጥ ይቆማል? ወይስ ብሩን እርከኑን በማስጠገን ላውለው? የገባው ሰው ካለ በግልፅ ይንገረኝ።

---

የቀድሞ_ዲኤ፦

ወንድሜ በመጀመሪያ ጋቢዮኑን እንዳትገዛ። እኔ የተፈጥሮ ሀብት ዲኤ (የልማት ጣቢያ ሰራተኛ) ሆኜ 9 አመት ሰርቻለሁ፣ ቦረቦር አፍ ላይ ድንጋይ የቆለለ ሰው በሚቀጥለው ክረምት ውሃው በጎን ዞሮበት ሁለት ቦረቦር ሲሆንበት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ቦረቦር ከታች ነው የሚታየው ግን የሚመጣው ከላይ ነው። የናንተ ደግሞ ከየት እንደሚመጣ ራስህ ነግረኸናል፣ ቱቦው ነው። ያንን ውሃ ሳትይዝ ታች ላይ የምትሰራው ሁሉ ገንዘብ መጣል ነው።

ስለዚህ ቀጥሎ ስትሄድ ከቦረቦሩ ጀምረህ ወደላይ በእግርህ ውጣ፣ እስከ ሸንተረሩ ጫፍ ድረስ። ውሃው የት ይሰበሰባል፣ የት ይታጠፋል፣ የማን የማን ማሳ ውስጥ ያልፋል የሚለውን በስልክህ ፎቶ እያነሳህ ያዝ። ከተቻለ ሐምሌ ላይ ዝናቡ እየዘነበ ብታየው ከማንም ባለሙያ የበለጠ ይነግርሃል፣ አሁን ግን ምልክቱ ገና ስላልጠፋ የታጠፈውን ሳርና የተከማቸውን ደለል እያየህ መከተል ትችላለህ።

እርከኑ ለምን ፈረሰ ላልከው፣ ሳላየው እርግጠኛ መሆን አልችልም ግን የተለመደ ችግር አለ። ጎጃም ዝናቡ ብዙ ነው። ዝናብ አጠር ቦታ ላይ እርከን ውሃ ልኩን ጠብቆ ጠፍጣፋ ይሰራና ውሃውን እዛው ያስቀረዋል፣ ጥሩ ነው። ደጋ ላይ ግን ያው እርከን ከሞላ በኋላ መሄጃ ስለሌለው በደካማ ቦታው ይሰብራል፣ አንዱ ሲሰበር ታችኛው የሁለቱን ውሃ ስለሚሸከም እሱም ይሄዳል። የናንተ ቁልጭ ያለ የዚህ ታሪክ ይመስላል። ደጋ ላይ እርከን ትንሽ ተዳፋት ሊኖረው ይገባል፣ በ10 ሜትር ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር ዝቅ እያለ ውሃውን በቀስታ ወደ አንድ ጎን የሚወስድ። ያ ጎን ላይ ደግሞ ሳር የያዘ የጎርፍ መውረጃ መኖር አለበት። መውረጃው ቀድሞ ነው የሚሰራው፣ ሳር እስኪይዝ አንድ ክረምት ይጠበቃል፣ ከዛ ነው እርከኖቹ ወደሱ የሚለቀቁት። በዘመቻ ጊዜ ይሄ የሚዘለለው ሪፖርት የሚጠየቀው ስንት ኪሎ ሜትር እርከን ተሰራ ተብሎ ስለሆነ ነው፣ ውሃው የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ እኔም ስሰራ ይሄ ነገር ያመኝ ነበር።

ማንን ልጠይቅ ላልከው ቀበሌ ላይ ሶስት የልማት ጣቢያ ሰራተኛ እንዲኖር ነው የታሰበው፣ የሰብል፣ የእንስሳትና የተፈጥሮ ሀብት፣ እናንተ የምትፈልጉት የተፈጥሮ ሀብቱን ነው። እሱ ወረዳ ግብርና ጽህፈት ቤት ካለው ባለሙያ ጋር ያገናኛችኋል። ዋናው ግን ጊዜው ነው! የዘመቻው ስራ የሚሰራው ጥርና የካቲት ነው፣ የት ይሰራ የሚለው ግን ህዳርና ታህሳስ ላይ ነው በተፋሰስ (ውሃው ወደ አንድ ቦታ በሚወርድበት አካባቢ) የሚታቀደው። በጥር ሄዳችሁ ብትጠይቁ እቅድ አልቋል ትባላላችሁ። አሁን ነው መሄድ ያለባችሁ። ሌላው ደግሞ ብቻችሁን አትሂዱ። አንዲት እናት የኔ ማሳ ተቦረቦረ ብላ ብትሄድ ያዝኑላታል እንጂ አይመጡም፣ ከላይም ከታችም ያላችሁ 7 ወይ 8 አባወራና እማወራ ሆናችሁ ይሄ ጎርፍ ሁላችንን እየጎዳ ነው ብትሉ ግን የተፋሰስ ስራ ይሆናል፣ በእቅድ የሚያዘውም እንደዛ የመጣ ነው።

---

የማይባር_አካባቢ፦

ልጄ ይቅርታ እኔ በእድሜ ገፋ ያልኩ ስለሆንኩ ረዘም አድርጌ ነው የምፅፈው። ደቡብ ወሎ ነው ያደግኩት። በኛ አካባቢ ማይባር ላይ በ1973 ዓ.ም አካባቢ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተከፍቶ ነበር፣ እናንተም ጋ ጎጃም አንጀኒ፣ ሰሜን ሸዋ ደግሞ አንዲት ጥድ የሚባሉ ጣቢያዎች ነበሩ። ከታረሰ መሬት በአመት ምን ያህል አፈር እንደሚታጠብ የተለካው በነዚህ ጣቢያዎች ነው፣ በአማካይ በሄክታር 42 ቶን ተብሎ እስከዛሬ የሚጠቀሰው ቁጥር ከነሱ ልኬት የወጣ ነው። 4 ሚሊሜትር አፈር ማለት ነው በየአመቱ። አንድ ጎልማሳ በእርሻ እድሜው ስንት ጣት እንደሚያጣ አስቡት እንግዲህ።

በደርግ ጊዜ እርከን የምንሰራው በስንዴና በዘይት ነበር። ተራራው ሁሉ ተሰመረ፣ ከሩቅ ሲታይ ያምር ነበር። 83 ላይ መንግስት ሲለወጥ ግን ብዙ ሰው ራሱ የሰራውን በእጁ አፈረሰው። ለምን? አንደኛ ማንም አልጠየቀውም፣ የት ይሁን ምን ያህል ይራራቅ የሚለውን የወሰነው ሌላ ሰው ነው። ሁለተኛ መሬቱ ይጠባል። እርከን እኮ ቦታ ይይዛል፣ 2 ቃዳ ላለው ሰው በየ10 ሜትሩ አንድ ሜትር ተኩል መስጠት ቀላል አይደለም። ሶስተኛ አይጥ፣ የድንጋዩ ካብ የአይጥ ቤት ሆነ፣ እህሉን ከእርከኑ ዳር ጨረሰችው። ሰነፍ ሆኖ አይደለም ገበሬው ያፈረሰው፣ ኪሳራው ስለታየውና ትርፉ ስላልታየው ነው። እኩል አራሻችሁ በማረሻ እየሸረፈ ነው ያልከውም በዚሁ ምክንያት ነው፣ እሱ የሚያስበው የዘንድሮን ጤፍ ነው፣ የዛሬ 5 አመት ያንን መሬት እንደሚያርሰው ማን ዋስትና ሰጠው?

ስለዚህ ዲኤው ያለው ልክ ነው ግን እኔ አንድ ነገር ልጨምር፣ እርከኑ ላይ የሚበላ ነገር ካልበቀለ እርከኑ አይኖርም። ሳር ይተከልበት፣ ሳሩ ለላም ይታጨድ፣ ያኔ እርከኑ መሬት ወሰደብኝ አይባልም። ኮንሶዎች ለብዙ መቶ አመታት የድንጋይ እርከናቸውን ያቆዩት ስንዴ ተሰጥቷቸው አይደለም፣ ያለሱ መኖር እንደማይችሉ ስለሚያውቁ ነው፣ በየአመቱ የወደቀውን ድንጋይ መልሰው ይክባሉ። ዩኔስኮ በ2003 ዓ.ም የመዘገበው ያንን ነው።

---

ባህር_ዛፍ_ነጋዴ፦

እኔ የምመክርህ ቦረቦሩ ውስጥ ባህር ዛፍ ትከልበት ነው። በ5 አመት ውስጥ ገቢም ታገኝበታለህ አፈሩንም ይይዘዋል። እኛ ጋ ሁሉም እንደዛ ነው የሚያደርገው።

---

የቀድሞ_ዲኤ፦

@ባህር_ዛፍ_ነጋዴ በአክብሮት ልቃወምህ። ባህር ዛፍ ለገቢ ጥሩ ነው አልክድም፣ ብዙ ቤት ያቆመ ዛፍ ነው። ለቦረቦር ግን አይሆንም። ጎርፍን የሚያቆመው መሬቱን የሚሸፍነው ሳርና ቁጥቋጦ ነው እንጂ ረጅም ግንድ አይደለም፣ ባህር ዛፍ ስር ደግሞ ብዙ ሳር አይበቅልም፣ ቅጠሉም ለማገዶ ስለሚጠረግ መሬቱ ራቁቱን ይቀራል። ከማሳ ጎን ስለሆነ ደግሞ ውሃውን ከጤፉ ይሻማል፣ ከጎረቤት ጋር የሚያጣላም እሱ ነው። የቦረቦሩ ዳር ላይ እንጨት ከተፈለገ ትሪ ሉሰርን ይሻላል፣ ደጋ ይወዳል፣ ቅጠሉ መኖ ነው፣ ንብ ካላቸውም ንቦቹ ይወዱታል።

---

መሬትና_ሕግ፦

ስለ እኩል አራሹ አንድ ነገር ልበል። የይዞታ ባለቤት መሬቱን የመንከባከብ ግዴታ አለበት፣ ይሄ በድሮው የፌደራል የገጠር መሬት አዋጅ 456/1997ም በአማራ ክልሉ 252/2009 አዋጅም ውስጥ ያለ ነው፣ 456 በ1324/2016 ተተክቷል። እርከኑ ሲፈርስ እንደ ባለይዞታ የምትጠየቀው ደብተሩ በስሟ ያለው እናትህ ናት። ስለዚህ በቃል የተሰጠውን መሬት በፅሁፍ አድርጉት። ረጅም ውል አያስፈልግም፣ እርከኑን በማረሻ አይነካም፣ በየክረምቱ መግቢያ ይጠግናል፣ በምላሹ ደግሞ መሬቱ ለ3 አመት በእጁ ይቆያል፣ የእርከኑ ሳርም የሱ ይሆናል ወይም እኩል ይካፈሉታል የሚል ይግባበት። እኚህ ትልቅ ሰው ከላይ እንዳሉት አራሹ ነገም እንደሚያርሰው ካወቀ ይጠብቀዋል። ውሉን በምስክር ተፈራርማችሁ ወረዳ መሬት ጽህፈት ቤት አስመዝግቡት።

ሌላው 456 ላይ ተዳፋቱ ከ30 በመቶ በታች ከሆነ በአፈር ጥበቃና ውሃ ማሰባሰብ፣ ከ31 እስከ 60 ከሆነ ጠረጴዛማ እርከን ተሰርቶ ብቻ ነው አመታዊ ሰብል የሚዘራበት፣ ከ60 በላይ ከሆነ ለእርሻም ለልቅ ግጦሽም አይሆንም፣ ለዛፍ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ነው የሚል ነበር። አዋጁ ቢተካም ባለሙያ መሬትን ሲያይ የሚነሳበት ሀሳብ ይሄ ስለሆነ የናንተ ተዳፋት ስንት እንደሆነ ለክታችሁ ብትሄዱ ጥሩ ነው።

---

የደጋው_ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይሄን ያህል አልጠበቅኩም። @የማይባር_አካባቢ እርስዎ ያሉትን ለእናቴ በስልክ አነበብኩላት፣ እኛም ጋ 83 ላይ እንደዛው ሆኗል አለችኝ፣ አባቴም ከአፍራሾቹ አንዱ እንደነበረ ዛሬ ገና ነው የሰማሁት።

ሁለት ነገር ግን አልገባኝም። አንደኛው መውረጃው በጎረቤታችን ማሳ ዳር ማለፍ አለበት፣ ጋሼ ደግሞ መሬቴ ላይ ውሃ አላሳልፍም ይላሉ፣ በፊትም ከአባቴ ጋር በፈሰስ (ከማሳ ውሃ በሚያወጣ ቦይ) ምክንያት ተጣልተው ያውቃሉ። ሁለተኛው ተዳፋቱን በምንድነው የምንለካው መሳሪያ የለንም። ደግሞ ሴፍቲኔት የሚባለው ለዚህ አይሆንም ወይ?

---

የቀድሞ_ዲኤ፦

ከመጨረሻው ልጀምር። ሴፍቲኔት በ1997 የተጀመረ ነው፣ የምግብ ዋስትና ችግር ያለባቸው ወረዳዎች ላይ ነው የሚሰራው፣ እዛ ያሉ ሰዎች ክፍያ እያገኙ እርከንና ኩሬ ይሰራሉ። የናንተ ወረዳ ውስጡ ከሌለ አታገኙትም። ኤስኤልኤም (ዘላቂ የመሬት አያያዝ) ይባል የነበረው ፕሮግራምም ከ2000 ጀምሮ በተመረጡ ተፋሰሶች ነው የሰራው። ስለዚህ ወረዳ ስትሄዱ ወረዳችን በየትኛው ፕሮጀክት ውስጥ ነው፣ የኛ ንዑስ ተፋሰስ ተይዟል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ከሌለም የሚቀር ነገር አለ፣ የባለሙያ ቅየሳ፣ ከችግኝ ጣቢያ ሳርና ችግኝ፣ የዘመቻው ጉልበት። እነዚህ ብር አይጠይቁም።

ልኬቱ ቀላል ነው። ሁለት እኩል ቁመት ያላቸው እንጨቶች፣ 10 ሜትር ገመድ፣ ግንበኞች የሚጠቀሙባት ገመድ ላይ የምትንጠለጠል ትንሽዬ ውሃ ልክ። ውሃ ልኳን መሀል ላይ አንጠልጥሉ፣ አንዱ ሰው ከላይ አንዱ ከታች ይቁም፣ የላይኛው ሰው ገመዱን በእንጨቱ ላይ ወደታች እያወረደ አረፋው መሀል ሲገባ ያቆማል፣ ገመዱ ከእንጨቱ ጫፍ ስንት እንደወረደ ትለካላችሁ። አንድ ሜትር ከወረደ ተዳፋቱ 10 በመቶ ነው። ያኔ በየአንድ ሜትር ከፍታ አንድ እርከን ቢሰራ በ10 ሜትር ይራራቃሉ፣ 5 በመቶ ከሆነ በ20። የእርከኑን መስመር ስትቀይሱም በዚችው ገመድ ነው፣ በ10 ሜትር 5 ሳንቲም ዝቅ እያላችሁ። አንድ እርከን ከ80 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፣ ሲረዝም ውሃው ይበዛበታል።

የጎረቤትህ ነገር ከሁሉም ይከብዳል፣ እውነት ለመናገር ከድንጋዩም ከአፈሩም ይልቅ ብዙ የምደክመው በዚህ ነበር። ዲኤ ሄዶ ቢነግራቸው የመንግስት ሰው መጣብኝ ነው የሚሉት። አስበው፣ የቱቦው ውሃ ቀድሞ የሚመታው የሳቸውን ማሳ ነው። ችግሩ የጋራ ነው፣ እናትህ ውሃዬን ያሳልፉልኝ ብላ ሳይሆን ከርስዎ ማሳ የሚታጠበውን አፈር አብረን እንያዘው ብላ ነው መሄድ ያለባት። መውረጃው ወሰኑ ላይ ይሁን፣ ግማሹ ከናንተ ግማሹ ከሳቸው፣ ሳሩን ደግሞ እሳቸው ይጨዱት። ሽማግሌ ካስፈለገም በሽማግሌ። ቱቦውን በተመለከተ ለወረዳው መንገድ ጽህፈት ቤት በቀበሌ በኩል በፅሁፍ አመልክቱ፣ መልስ እስኪመጣ ግን ከቱቦው አፍ ስር ድንጋይ ነጥፎ የውሃውን ጉልበት መስበር፣ ከተቻለም ወደ ኩሬ ማስገባት ይቻላል። ትግራይ ውስጥ የመንገድ ውሃ ወደ ኩሬና ማሳ እየተጠለፈ ለከብትና ለመስኖ የዋለበት ቦታ አለ።

ቦረቦሩ ራሱ የሚነካው ከላይ ያለው ከተያዘ በኋላ ነው። ያኔ ዳርና ዳሩን ቀጥ ካለ ገደል ወደ ተዳፋት ማስተኛት፣ ከዛ ክትር (ቦረቦሩን አቋርጦ ጎርፉን የሚገታ ካብ) መስራት። ክትሩ መሀሉ ዝቅ ይበል ውሃው በመሀል እንዲያልፍ፣ ሁለቱ ጫፎቹ ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ግድግዳው ይቀበሩ፣ ከስሩ ደግሞ ድንጋይ ይነጠፍ። የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል እስኪሆን ነው የሚራራቀው። ለዚህ የአካባቢው ድንጋይና የእንጨት ርብራብ ይበቃል። ዳሩ ላይ ደሾ ሳር ትከሉ፣ ደሾ ከጨንቻ የወጣ የሀገራችን ሳር ነው፣ ደጋ ይስማማዋል፣ በግንጣይ ነው የሚተከለው፣ ሰኔ መጨረሻ ሐምሌ መጀመሪያ መሬቱ ሲርስ። ከብት ግን አይግባበት! አንድ ክረምት ብቻ ከተጠበቀ በሚቀጥለው አጭዳችሁ ትወስዳላችሁ።

ብርህን ምን ላይ ላውለው ካልክ ለዚህ ነው፣ ለሳሩ ግንጣይና ለአጥሩ፣ ለደቦው ቀን ደግሞ ለምግቡ።

---

የማይባር_አካባቢ፦

ዲኤው ጥሩ ብሏል። ፈሰሱን በተመለከተ ግን አንድ ነገር፣ ጎጃም ውስጥ ገበሬው በማሳው ላይ በሰያፍ የሚያወጣው ፈሰስ ዘሩ በውሃ እንዳይታፈን ነው፣ አስፈላጊ ነው፣ ነገር ግን የሁሉም ፈሰስ ወደ አንድ ወሰን ሲለቀቅ ቦረቦር የሚወልደው እሱ ነው። እርከኑ ሲቀየስ ፈሰሱ ወደ እርከኑ ቦይ እንዲገባ አራሹ አብሮ ይኑር። ሳይኖር ከተሰራ ሐምሌ ላይ ራሱ ቀዶ ይለቀዋል።

---

የደጋው_ልጅ፦

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ፣ የሆነውን ልንገራችሁ። እናቴ እኔን አልጠበቀችም። እሁድ ከቤተክርስቲያን ስትመለስ ጋሼ ቤት ገብታ ስለ አፈሩ አወራቻቸው፣ መጀመሪያ ዝም አሏት፣ በማግስቱ ጠዋት ራሳቸው መጥተው ከቱቦው እስከ ቦረቦሩ አብረው ወርደው አይተዋል። ለካ እሳቸውም ዘንድሮ የባቄላው ዳር ተወስዶባቸው ለማንም ሳይናገሩ ቀርተው ነው። ወሰኑ ላይ መውረጃ እሺ ብለዋል፣ ሳሩ ግን የኔ ነው ብለዋል፣ እናቴም ተስማምታለች። 6 ሰው ሆነው ዲኤዋ ጋ ሄደዋል፣ ልጅ ናት፣ ታህሳስ መጀመሪያ ከወረዳ ሰው ይዤ እመጣለሁ ብላቸዋለች። እኩል አራሹም ለ3 አመት የሚለውን ሲሰማ ደስ ብሎታል፣ ውሉ ገና አልተፃፈም።

@የቀድሞ_ዲኤ ውሃ ልኳን ገዝቼ በመኪና ልኬያለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ዘንድሮ መውረጃው ብቻ ከተሰራና እርከኑ ለሚቀጥለው አመት ከቀረ በዚህ ክረምት ማሳው ምን ይሁን?

---

የቀድሞ_ዲኤ፦

በጣም ደስ ብሎኛል፣ እናትህን ሰላም በልልኝ። ለዚህ ክረምት ከማሳው ራስጌ ላይ አንድ የጎርፍ መቀልበሻ ብቻ ይውጣ፣ ከላይ የሚመጣው ውሃ ማሳው ውስጥ እንዳይገባ፣ ግን ገና ሳር ወዳልያዘው መውረጃ እንዳይለቀቅ፣ በሌላው ጎን ሳር ወይም ድንጋይ ያለበት ቦታ ካለ ወደዛ። ያ ጎን የሌላ ሰው ከሆነ እሱንም አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ጤፉን ደግሞ ዘንድሮ ታች ባለው ሜዳማ ቁራጭ ላይ ዝሩት፣ ጤፍ የሚዘራው መሬቱ በጣም ታርሶ ከላመ በኋላ ስለሆነ ለጎርፍ ይመቻል፣ ተዳፋቱ ላይ ገብስ ወይ ስንዴ ይሁን፣ እርሻው አግድም። መውረጃው ላይ ሳሩ አሁን ካለው ግጦሽ በቁራጭ በቁራጭ ተነስቶ ቢተከል ከግንጣይ ይፈጥናል፣ ሰኔ ላይ። ጥር ላይ ቅየሳው ሲጀመር ፎቶ ላክልኝ፣ መስመሩን አይቼ የሚስተካከል ካለ እነግርሃለሁ።